«አጥንቱ ደህና ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ሕፃናት የደረት መጨፍለቅ ጉዳትና ስለ ማገገም

መነሻ

ሕክምና በተማርሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ሕሙማን መካከል አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ማንነቱን ሊገልጥ የሚችለውን ሁሉ ትቼ ታሪኩን በአጭሩ ላቅርብ። በክረምት ዝናብ የራሰ የጭቃ ግድግዳ ተደርምሶበት እስከ ደረቱ ተቀበረ። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ አፈሩን በአካፋና በእጅ ዝቆ አወጣው። ቤተሰቡ መጀመሪያ የወሰደው ወደ ወጌሻ ነበር። ወጌሻው ጎኑን በጥንቃቄ ዳስሶ «አጥንቱ ደህና ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ ጤና ተቋም መጣ፤ ራጅ ተነሣ፤ ፊልሙ ታይቶ «ስብራት የለውም» ተባለ። የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያው ሌሊት እስትንፋሱ ፈጥኖ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በአባቱ ክንድ ላይ ሆኖ ተመለሰ።

ልጁ ከብዙ ቀናት የኦክስጅን ሕክምና በኋላ ተረፈ። እኔ ግን ያን ቀን ከሐኪሙ ጎን ቆመው ፊልሙን ካዩት አንዱ ነበርሁ፤ «ስብራት የለውም» ብዬ በካርዱ ላይ የጻፍሁትም እኔ ነበርሁ። የጻፍሁት ውሸት አልነበረም። ወጌሻውም አልዋሸም። በትምህርትና በመሣሪያ እጅግ ብንራራቅም ሁላችንም የጠየቅነው ጥያቄ አንድ ነበር፦ የተሰበረ አጥንት አለን? ለጥያቄያችንም ትክክለኛ መልስ አግኝተናል። የተሳሳተው ጥያቄው ነበር።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው። ደረቱ በከባድ ነገር የተጨፈለቀ ልጅ ሲመጣልን ጉዳቱን በአጥንት ስብራት መለካት የለብንም። መለኪያዎቹ የተጫነበት ክብደት፣ ክብደቱ በላዩ የቆየበት ጊዜና በቀጣዮቹ ሰዓታት የሚታየው አተነፋፈሱ ናቸው። እንደዚሁም ማገገሙን የምንለካው ከሆስፒታል በወጣበት ቀን ሳይሆን ወደ ልጅነት ሕይወቱ በተመለሰበት ቀን ሊሆን ይገባል። ሁለቱም ሐሳቦች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የአመለካከትና የመዝገብ ለውጥ ነው።

ለጋ ደረት

የትልቅ ሰው የጎድን አጥንት ጠንካራ አጥር ነው። ከባድ ኃይል ሲያርፍበት ይሰበራል፤ ሲሰበርም ከኃይሉ ከፊሉን ውጦ ያስቀራል። በልጅነት ዕድሜ ግን አጥሩ ገና ልም አጥንት የበዛበትና ተጣጣፊ ነው። እንደ ለጋ ቀርከሃ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ክብደቱ ሲነሣለትም ተመልሶ ይቃናል። አጥንቱ ያልዋጠው ኃይል ታዲያ ወዴት ሄደ ቢባል፣ መልሱ ከአጥንቱ ሥር ወዳለው ሳንባ ነው። ጥቃቅኖቹ የደም ስሮች ይቀደዳሉ፤ የአየር ከረጢቶቹ በደምና በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ሳንባው ይበልዛል። በቆዳው ላይ ግን ከጭረት ያለፈ ምልክት ላይታይ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለልምድ እንግዳ ቢመስልም ለአካል አሠራር እንግዳ አይደለም። በልጅ ላይ የጎድን አጥንት አለመሰበር ውስጣዊ ጉዳት አለመኖሩን አያረጋግጥም። መሰበሩ ግን እጅግ ከባድ ኃይል እንዳረፈበት ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ አደጋ ከደረሰባቸው 2,080 ሕፃናት መካከል የጎድን አጥንታቸው የተሰበረው 33 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህ ከ100 እጅ 42ቱ ሞተዋል። የራስ ቅል ጉዳት በተጨመረባቸው ደግሞ የሞቱት ድርሻ ከዚህም በእጅጉ ከፍ ይላል። በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አሳማኝ ምክንያት ሳይኖር የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ከተገኘ፣ ሐኪሙ በልጁ ላይ የሰው እጅ አርፎ ይሆን ብሎ የመጠየቅ ኃላፊነት አለበት።

ልጅ ከትልቅ ሰው የሚለይበት ሌላም ምክንያት አለ። ሕፃን በአንድ ኪሎ ግራም ክብደቱ የሚጠቀመው ኦክስጅን ከጎልማሳው እጥፍ ገደማ ነው፤ በሳንባው የሚያስቀምጠው ስንቅ ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ እስትንፋሱ ሲታወክ ቶሎ ይደክማል። ደሙም ቢሆን ጥቂት ነው። አንድ ልጅ በኪሎ ግራም 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም አለው ብንል፣ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በጠቅላላው ያለው 1.2 ሊትር ያህል ነው። ከባድ ጉበትና ጣፊያ በተጣጣፊው የጎድን አጥንት ሥር ተቀምጠው፣ ደረት ሲጨፈለቅ አብረው ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ልጁ ግን የደሙን ሩብና ከዚያ በላይ እስኪያጣ ድረስ የደም ግፊቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ከወደቀ በኋላ በድንገት ይወድቃል። «ግፊቱ ጥሩ ነው» የሚለው ቃል እንደ «አጥንቱ ደህና ነው» ሁሉ ሊያዘናጋ የሚችልበት ምክንያት ይህ ነው።

የሚያስፈራው መልክና የማያስፈራው

በደረት ላይ የሚያርፍ ጭነት ሳንባውን ባያበልዝ እንኳ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። ለመተንፈስ የአፍና የአፍንጫ መከፈት ብቻውን አይበቃም፤ ደረት መነሣትና መውረድ አለበት። ሰው አፉ ክፍት ሆኖ፣ ፊቱ ንጹሕ አየር ላይ ሆኖ፣ ደረቱ በመታሠሩ ብቻ ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ይህን እውነት ዓለም ከተማረባቸው አሳዛኝ ቀናት አንዱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1883 ነው። በእንግሊዝ አገር በሰንደርላንድ ከተማ በቪክቶሪያ አዳራሽ ለልጆች ትርኢት ይቀርብ ነበር። በመጨረሻው ላይ ስጦታ እንደሚታደል ሲነገር ፎቅ ላይ የነበሩት ልጆች ወደ ታች ተጣደፉ። በደረጃው ግርጌ የነበረው በር ወደ ውስጥ የሚከፈትና አንድ ልጅ ብቻ እንዲያሳልፍ ሆኖ የተቀረቀረ ነበር። 183 ልጆች እርስ በርስ ተደራርበው አለቁ። ያን ቀን የወደቀ ግድግዳ አልነበረም፤ የልጅ ክብደት በልጅ ደረት ላይ መጫኑ በቂ ነበር።

የሕክምናው ዓለም ግን ጉዳቱን ቀድሞም አይቶት ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ኦሊቪዬ ዳንዤ እ.ኤ.አ. በ1837 በፓሪስ በሕዝብ መጨናነቅ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምሮ፣ ፊታቸው እንደ ጭምብል በጠቆረ ደም መሸፈኑን ጻፈ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ጌኦርግ ፔርትስ ጉዳቱን በስፋት ስለ ገለጸው፣ ስሙ እስከ ዛሬ ከጉዳቱ ጋር ይነሣል። አሠራሩ የሚከተለው ነው። ሰው ጭነት ሊያርፍበት መሆኑን ሲያውቅ በድንጋጤ አየር ይስብና ጉሮሮውን ይዘጋል። ጭነቱ ሲያርፍ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ወደ ልብ ይመለስ የነበረው ደም ከልከላ በሌላቸው ትልልቅ የደም መልስ ስሮች በኩል ወደ አንገትና ወደ ራስ ይገፋል። ቀጫጭኖቹ የደም ስሮች ይፈነዳሉ። ፊት ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ በቆዳው ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ይፈስሱበታል፤ የዓይን ነጩ ክፍል ደም ይለብሳል።

ወላጅ ልጁን በዚህ መልክ ሲያይ ያለቀለት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የፊቱ ጥቁረትና የዓይኑ ደም በራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ያለ ልዩ ሕክምና ይጠፋሉ። የልጁን ዕጣ የሚወስነው አንጎሉ ያለ ኦክስጅን የቆየበት ጊዜና አብሮ የደረሰው የሳንባ፣ የጉበት ወይም የራስ ጉዳት ነው። ጭነቱ ቶሎ ተነሥቶለት፣ ልቡ እየመታ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ልጅ ተገቢው ክትትል ከተደረገለት በአመዛኙ ሙሉ በሙሉ ያገግማል። ስለዚህ በዚህ ጉዳት ዓይናችን በሁለት በኩል ይሸነገላል። የሚያስፈራው ፊት በአመዛኙ ይድናል፤ ምልክት የማይታይበት ደረት ግን ሌሊቱን ሊከዳ ይችላል። የጠቆረውን ፊት ማንበብ ያለብን እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ምስክር ነው፤ «በዚህ ልጅ ላይ ከባድ ነገር አርፎ ነበር» እያለ ይናገራል።

በአገራችን

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ሲቀብር ሕፃናትም በቤታቸው ነበሩ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትንም ሁለተኛው ናዳ ወሰዳቸው። እነዚህ አደጋዎች በሐዘን ቀንና በሟች ቁጥር ይታወሳሉ። ሆኖም ሙያችንን በየዕለቱ የሚፈትነው በዜና የማይነገረው ነው። በክረምት የሚደረመስ የጭቃ ግድግዳ፣ አሸዋና ሸክላ ሲቆፈር የሚናድ ገደል፣ ከማጠፊያው ተነቅሎ የሚወድቅ የብረት በር፣ በግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ሲመለስ ልጅ ያላየ መኪና፣ ልጅ ሲንጠላጠልበት የሚገለበጥ ቁም ሣጥን፣ ሁሉም በአንድ ትንሽ ደረት ላይ የሚያርፉ ናቸው።

በእነዚህ ስፍራዎች መጀመሪያ የሚደርሰው አምቡላንስ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ጎረቤት ማወቅ ያለበትን በግልጽ ማስተማር የሙያችን አካል ነው። የተቀበረ ልጅ እጁ ተይዞ መጎተት የለበትም፤ ቅድሚያ ፊቱና ደረቱ ነፃ ይውጡ። አፉና አፍንጫው ከአፈር ይጥረጉ። ሰዓቱ ይታወስ፤ ለስንት ደቂቃ ተቀብሮ እንደነበር ከሐኪሙ ይልቅ የሚያውቀው ያወጣው ሰው ነው። እግሩ ወይም ጭኑ ለሰዓታት ተጭኖ የቆየ ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1941 በለንደን የቦምብ ፍርስራሽ ሥር ከወጡ ሰዎች እንደታየው፣ ከተጨፈለቀው ጡንቻ የሚወጣው ንጥረ ነገር ልብንና ኩላሊትን ይመርዛል። እንዲህ ያለው ልጅ ሲወጣ ደህና መስሎ መታየቱ ማንንም ሊያሳምን አይገባም።

ወጌሻንም በዚሁ አንጻር መመልከት ይገባል። ወጌሻ ለወለምታና ለስብራት በኅብረተሰቡ የታመነ ባለሙያ ነው፤ ማጥላላት ወላጁን ከእኛ ያርቀዋል እንጂ ልጁን ወደ እኛ አያቀርበውም። ይልቅ ሁለት ነገሮችን ብንነግረው ይበቃል። አንደኛ፣ ደረቱ የተጨፈለቀ ልጅ አጥንቱ ቢድንም ወደ ጤና ተቋም ይላክ። ሁለተኛ፣ ደረቱ አይታሽ፣ በጨርቅም ተጠፍሮ አይታሠር፤ ማሠሩ ሕመሙን የሚያስታግስ ቢመስልም ለመተንፈስ የቀረውን አቅም ይቀማል።

የመጀመሪያው ቀን

የሳንባ መበለዝ ዋነኛ ጠባዩ መዘግየቱ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የተነሣው ራጅ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እብጠቱና ፈሳሹ እየጨመሩ ሄደው ጉዳቱ የሚከፋው በአብዛኛው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዳት ዋናው መመርመሪያ ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ፊልም የሚነግረን የመጀመሪያውን ሰዓት ብቻ ነው። አልትራሳውንድ ባለበት ስፍራ በሠለጠነ እጅ ከተያዘ ከራጅ ቀድሞ የበለዘውን ሳንባ ሊያሳይ፣ በሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደምንም በዚያው ሊገልጥ ይችላል። ሲቲ ስካን ከሁሉም የተሻለ ያሳያል፤ ሆኖም የጨረራው መጠን ለልጅ አካል ቀላል ስላልሆነ የሕክምናውን መንገድ በሚለውጥበት ጊዜ ብቻ ይመረጥ።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ በፊት ግን በእጃችን ያለ ሌላ መመርመሪያ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሳንባ ምች የተጠረጠረበትን ሕፃን እስትንፋስ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን መሆኑን ታውቃለች። ይህ ዕውቀት በገጠሩ ሁሉ ተዘርቷል። ለምች የተማርነውን ቆጠራ ለተጨፈለቀ ደረት የማናውልበት ምክንያት የለም። ሲመጣ፣ ከ6 ሰዓት በኋላና በማግሥቱ የተቆጠረ እስትንፋስ ከአንድ ጊዜ ራጅ የበለጠ ይናገራል። ፐልስ ኦክሲሜትር ሲጨመርበት ደግሞ ምስሉ ይሟላል። በደጋ ከተሞቻችን የጤነኛ ልጅ የኦክስጅን መጠንም ጥቂት ዝቅ ስለሚል፣ የአካባቢውን ልክ አውቆ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ራሱ ረቂቅ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ኦክስጅን መስጠት፣ የአንገት አከርካሪው አለመጎዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ራሱን ከፍ አድርጎ ማስተኛት፣ ፈሳሽ ሲሰጥ የበለዘውን ሳንባ እንዳያጥለቀልቅ በልክ መስጠት፣ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር ወይም ደም ከተጠራቀመ ፈጥኖ ማውጣት ነው። ሕመምን ማስታገስም ከርኅራኄ ያለፈ ነገር ነው። ያመመው ልጅ በጥልቀት አይተነፍስም፤ አይስልም። ያልሳለ ልጅ አክታው በሳንባው ይቀራል፤ የቀረ አክታም ኢንፌክሽን ይወልዳል። በቂ ማስታገሻ ያገኘ ልጅ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በስትሮ አረፋ እያስነሣ ቢጫወት፣ ሳንባውን ለመክፈት ጥሩ ልምምድ ሆነለት ማለት ነው።

ማገገም ስንል

የበለዘ ሳንባ ሌላ ችግር ካልተጨመረበት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው ይጸዳል። የልጅ ሳንባ ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያለ አካል ነው፤ ሲወለድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩት የአየር ከረጢቶች በጎልማሳነት በመቶ ሚሊዮኖች ይሆናሉ። ልጅነት በአደጋው ሰዓት ድካም የሆነውን ያህል በማገገሙ ጊዜ ጉልበት ነው። ስለዚህ ለወላጅ ተስፋ መስጠት ማታለል አይደለም።

ሆኖም የሳንባው መጽዳት የልጁ ማገገም መጨረሻ ተደርጎ መወሰዱን እቃወማለሁ። በአልጋ ላይ ሳለ ደህና የሚተነፍስ ልጅ ኳስ ሲያሳድድ ሊደክም ይችላል። በጨለማ አፈር ውስጥ ድምፁን ማሰማት ተስኖት የቆየ ልጅ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ባንኖ ይነሣል። በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አልቀመጥም ይላል፤ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል፤ ያቆመውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ይጀምራል። ለጊዜው ታፍኖ ከነበረ ደግሞ የትኩረቱና የማስታወስ ችሎታው ነገር ከክፍል ውጤቱ ጋር ሊታይ የሚገባው ነው። ይህ ሁሉ በራጅ አይታይም፤ ካልተጠየቀም አይነገርም።

ወላጁም አብሮ ተጎድቷል። ግድግዳው ሲወድቅ ገበያ የነበረች እናት፣ መኪናውን ራሱ ወደ ኋላ የነዳ አባት፣ ልጁ ከዳነ በኋላም ራሳቸውን ይከስሳሉ። አንዳንዱ ልጁን ከጨዋታ ሁሉ ይከለክለዋል፤ የዳነው ደረት እንዳይሮጥ ይፈረድበታል። አንዳንዱ ደግሞ አደጋው በቤት እንዲነሣ አይፈልግም፤ ልጁም ፍርሃቱን ብቻውን ይሸከማል። ለእነዚህ ቤተሰቦች አንድ ቀጠሮና አንድ ግልጽ ቃል፣ «አሁን ይሩጥ፤ ሳንባው ድኗል» የሚል ቃል፣ ከመድኃኒት የማይተናነስ ሕክምና ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአልጋ ነገር ነው። አንድ አልጋ ለሦስት በሚፈለግበት ተቋም፣ እየተራመደ የመጣን ልጅ ለክትትል ማሳደር ቅንጦት ይመስላል። ተቃውሞውን አቃልዬ አላየውም። ለዚህም ነው ሁሉም ይደር የማልለው። ፊቱ ላይ የደም ነጠብጣብ የታየ፣ ለአፍታም ቢሆን ራሱን የሳተ፣ እስትንፋሱ የፈጠነ፣ የኦክስጅን መጠኑ የቀነሰ፣ ሆዱ ሲነካ የሚያመው፣ ወይም ለደቂቃዎች ተጭኖ የቆየ ልጅ ይደር። ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ከጥቂት ሰዓታት ክትትል በኋላ ይሂድ፤ ነገር ግን ወላጁ እስትንፋስ መቁጠርን ተምሮ፣ ለማግሥቱ ጠዋት ተቀጥሮ ይሂድ። ቤቱ ሩቅ ከሆነና ሌሊት መመለሻ ትራንስፖርት ከሌለው ግን፣ ርቀቱ ራሱ እንደ አንድ ምልክት ተቆጥሮ እንዲያድር ይወሰን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሴ ክርክር የሚነሣ ነው፦ አብዛኞቹ የሚድኑ ከሆነ ለስድስት ወር መከታተል ለምን ያስፈልጋል? ቀጠሮስ ለድሃ ቤተሰብ የአንድ ቀን ገቢ አይደለምን? ነው። ስለዚህ ክትትሉ የግድ በሆስፒታል ይሁን አልልም። በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ወርና በስድስት ወር የሚደረግ የአምስት ደቂቃ የስልክ ጥሪ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጉብኝት ይበቃል። የሚጠየቁትም ጥቂት ናቸው። ሲሮጥ ይደክመዋልን? ሌሊት ይተኛልን? ትምህርት ቤት ተመልሷልን? የሚፈራው ነገር አለን? አብዛኞቹ «ደህና ነው» ብለው ይመልሳሉ። ያ መልስ ሲመዘገብ ዕውቀት ይሆናል፤ ደህና ያልሆኑትን ጥቂቶችም የምናገኛቸው በዚሁ መንገድ ብቻ ነው።

ለተመራማሪው

ይህን ጽሑፍ ለድህረ ምረቃ ተማሪዎችና ለተመራማሪዎች ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም። በአማካሪነት በእጄ ያለፉት የመመረቂያ ረቂቆች ስለ ሕፃናት አደጋ ሲጽፉ የሚቆጥሩት ዕድሜን፣ ጾታን፣ የስብራትን ዓይነት፣ በሆስፒታል የቆዩበትን ቀንና ሞትን ነው። ተማሪዎቹን አልወቅስም፤ የቆጠሩት ካርዱ ላይ የተጻፈውን ነው። ካርዱ «የመውደቅ አደጋ» ወይም «የግድግዳ መደርመስ» ብሎ ያበቃል። ምን ያህል ክብደት እንደነበረ፣ ለስንት ደቂቃ እንደተጫነ፣ ማን እንዳወጣው፣ ሲወጣ ይተነፍስ እንደነበር አይናገርም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አይጠናም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በአስቸኳይ ክፍሎቻችን ለደረት መጨፍለቅ ጉዳት የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ፤ የጭነቱ ዓይነት፣ የቆየበት ጊዜ፣ የፊት ምልክት፣ በሦስት ሰዓቶች የተቆጠረ እስትንፋስና የኦክስጅን መጠን ይሙሉበት። ሁለተኛ፣ የጥናቶቻችን መቋጫ ከሞትና ከመውጫ ቀን አልፎ ሩጫን፣ እንቅልፍንና ትምህርት ቤትን ይጨምር። ሦስተኛ፣ የሕፃናት ሐኪሙ፣ የቀዶ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያውና የግንባታ መሐንዲሱ በአንድ ጥናት ላይ ይገናኙ። የሰንደርላንድ እልቂት በሕክምናው መጽሐፍ ብቻ አልቀረም፤ በእንግሊዝ የሕዝብ አዳራሾች በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። የእኛም የክረምት ግድግዳ፣ የአሸዋ ጉድጓድና የግቢ በር ጉዳይ በራጅ ክፍል ተጀምሮ በራጅ ክፍል የሚያልቅ መሆን የለበትም።

መደምደሚያ

ያ የሰባት ዓመት ልጅ ኦክስጅኑ ተነሥቶለት፣ አባቱን ቀድሞ በእግሩ ከክፍሉ ሲወጣ አይቻለሁ። በካርዱ የመጨረሻ መስመር ላይ «ተሽሎት ወጣ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ አንድም መስመር የለም። የሚመጣውን ክረምት ዝናብ ሲጀምር በቤቱ ውስጥ እንዴት እንዳሳለፈው፣ ከእኩዮቹ ጋር መሮጡን፣ ሌሊት መተኛቱን ካርዱ አይናገርም። እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ጊዜ በተሳሳተ ጥያቄ ወደ ቤቱ ሰደድነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ያለ ምንም ጥያቄ ሸኘነው። ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ግን ጥያቄው በእጃችን ነው። ምን ተጫነው? ስንት ደቂቃ ቆየበት? አሁን እንዴት ይተነፍሳል? ከወር በኋላስ ይሮጣልን? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የጠየቀና መልሳቸውን የጻፈ ሐኪም፣ ከዚያ ወዲያ «አጥንቱ ደህና ነው» ቢል ቃሉ አያሳስትም።